ስለ ምደባና ስለ ዝውውር የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች እናቶች፣ አባቶች፣ አጎቶችና «ሚኒስቴር ውስጥ ሰው አለኝ» ባዮች፣ ከተማሪው በቀር በሙሉ ድምፅ፤

በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ልጆች ተቀምጠው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ ስላልሞሉ፤ በ2017 ተሻሻለ ተብሎ ከመቶው 8 ከምናምን ስለደረሰ፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወደቀውም ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር» ስለሚባል፣ ያለፈውን ለይቶ ማክበር አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ልጁ ማለፉ እንደተሰማ እልል ይባላል። ምደባው ሲወጣ እልልታው ይቆማል። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ጅግጅጋ ከደረሰው ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ጎረቤትም «እግዜር ያጽናችሁ» ለማለት ይመጣል። (ከመካከላችን ሰመራን ያየ የለም።) የምርጫ ቅጹን ማን እንደሞላው መጠየቅ ክልክል ነው። የሞላው አጎቱ ነው።

አንቀጽ 2። «ያለ ጤና ችግር ዝውውር የለም» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ሳምንት ልጁ ይታመማል። ሕመሙ እንደ ምድቡ ነው፤ ሰመራ የደረሰው ሙቀት አይስማማውም፣ ደብረ ብርሃን የደረሰው ብርድ ያስለዋል። ሳሉ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ሲደርስ እንደሚለቀው ሕክምና ባያረጋግጥም እኛ አረጋግጠናል፤ የታክሲ ጭስ ለሳንባ ፍቱን ነው። ማስረጃው የሐኪሞች ቦርድ ማኅተም ያስፈልገዋል። ሐኪም ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ቀደም ብሎ አንድ ልጅ ሕክምና ማስተማር ነበረበት።

አንቀጽ 3። መንትዮች አብረው እንዲመደቡ ስለሚፈቀድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጎረቤት ልጅ ጋር መንታ መሆን ይቻላል። የሰባት ወር የዕድሜ ልዩነት እንቅፋት አይሆንም።

አንቀጽ 4። ዝውውር ሲጠየቅ ተቀባዩ ግቢ «መልቀቂያ አምጣ» ይላል። ሰጪው ግቢ «መጀመሪያ የተቀባይነት ደብዳቤ አምጣ» ይላል። ልጁ በሁለቱ ሬጅስትራሮች መስኮት መካከል ሲመላለስ የፍሬሽማን ዓመቱን ይጨርሳል፤ ምልልሱ ግን እንደ ኮርስ አይቆጠርለትም።

አንቀጽ 5። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ በራሱ መግቢያ ፈተና መቀበል መጀመሩን አጥብቀን እንቃወማለን። አጎት ደውሎ የማያሳልፈው ፈተና ምን ዓይነት ፈተና ነው?

አንቀጽ 6። ልጁ በተመደበበት ግቢ ጓደኛ አፍርቶ፣ ዶርሙን ለምዶ፣ ትምህርቱ ገብቶት «እዚሁ ልማር» ቢል፣ ንግግሩ የሕመሙ ምልክት ተደርጎ በማስረጃው ላይ ይጨመራል። ዳግመኛ አስተያየት እንዳይጠየቅ።

አንቀጽ 7። የምደባና የዝውውር ልዩ ሁኔታ የተፈቀደው በእውነት ለታመሙ፣ ለዓይነ ስውራንና ሕፃን ለሚያጠቡ ተማሪዎች መሆኑን እናውቃለን። ማመልከቻቸውን ማስገባት መብታቸው ነው። ወረፋው ግን ከእኛ በኋላ ነው።