የአቶ ፑንቲና አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከትራክተሩ ጎማ አጠገብ የቆማችሁ ጎረቤቶች፤ የሟች የሕይወት ታሪክ ስለሚነበብ እባካችሁ ሞተሩን ለአፍታ አጥፉልን።

አቶ ፑንቲና ከአባታቸው ከአቶ ቻርልስ ኬተሪንግ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በዴይተን ከተማ ከአንድ ቤት ጓሮ ተወለዱ። ሥራ የጀመሩት በ1910 ሞዴል ካዲላክ ነው። ኋላ ግን ወደ ገጠር ወረዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1952 ከ500,000 በላይ በተመረተው ፎርድ 8ኤን ትራክተር ተቀጠሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከቬንትሌተሩ ጀርባ ባለች፣ ዲስትሪቢዩተር በምትባል ጠባብ ቤት ኖሩ።

ሥራቸው መግጠምና መላቀቅ ነበር። ሲገጥሙ የባትሪው ኃይል ቦቢናው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲላቀቁ ቦቢናው ደንግጦ ወደ ካንዴላ እሳት ይልካል። ባልና ሚስት አንዴ ቢላቀቁ ሽማግሌ ይሰበሰባል። እርሳቸው ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር 3,000 ጊዜ ይላቀቁና 3,000 ጊዜ ይታረቁ ነበር፤ ያውም ያለ ሽማግሌ።

ሟች ጠባየ መልካም ነበሩ ብንል ፈጣሪም ይታዘበናል። ጤዛ ከወረደ ያኮርፋሉ። በዚያች ጠባብ ቤት ሳሉ ክፍተታቸው ከ0.015 ኢንች ትንሽ ከተዛነፈ ማሳ መሃል ያስቀሩናል። ለማሳከም ደግሞ ሁለት ብሎን ፈትቶ ዲስትሪቢዩተሩን መንቀልና ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ግድ ነው። ሆኖም ሕመማቸውን አይደብቁም፤ ሞተሩን ቀድመው ያስሉታል። መድኃኒታቸውም ከኪሳችን አይጠፋም፦ ትንሽ ሞረድ፣ ንጹሕ ወረቀት፣ ጥቂት ግራሶ።

በመጨረሻ፣ ባደረባቸው የመቃጠል ሕመም በሞረድ ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ቅዳሜ ተነቀሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮንደንሰርም በዚያው ሰዓት ተከተሏቸው።

ወራሻቸው በማግኔት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው። ከማንም ጋር አይነካካም፣ ስለዚህ አይበላም፤ ክፍተት ለኩልኝ አይልም፤ ጠዋት በመጀመሪያው ጥሪ ይነሣል። ምስጉን ልጅ ነው። ብቻ የዚህ ቤት ደንብ 6 ቮልት ሆኖ፣ ፖዘቲቩ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰር መሆኑን ሳይነግሩት ካስገቡት፣ ወይም ባትሪውን ገልብጠው ካሰሩበት፣ ሳያስል፣ ሳይናዘዝ ይሞታል። ያን ጊዜ ሞረዱም ወረቀቱም አያድነውም፤ መፍትሔው ሌላ መግዛት ነው።

በዚህ ምክንያት ቤተሰቡ መክሮ አስከሬኑን ላለመቅበር ተስማምቷል። አቶ ፑንቲና ከባለቤታቸው ጋር በዘይት ጨርቅ ተገንዘው በመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ዐርፈዋል። ሞረዱም ከራስጌያቸው ነው።

ነፍስ ይማር ለማለት የቸኮላችሁ ግን ትንሽ ታገሡ፤ እርሻው ገና አላለቀም።