ደንበኛን ከድረ ገጽ የማባረሪያ መንገዶች

ናይሮቢ ውስጥ፣ ኢስሊም ይሁን ኪሊማኒ፣ ሱቅዎን ወደ ኢንተርኔት ሊያወጡ ነው እንበል። የመጣው ሁሉ ደንግጦ እንዲመለስ ከፈለጉ መንገዱ የሚከተለው ነው። ገበያውን የሚፈልጉት ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምክር ሥር ያለውን ምክንያት ልብ ብለው ያንብቡ።

1. ያለ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ገጽዎን ከተራ ኤችቲቲፒ ወደ ተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ የሚያሸጋግረውን ዲጂታል ማረጋገጫ ሳይዙ፣ ይነግዱ። ክሮም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ በተራ ኤችቲቲፒ የሚከፈትን ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይለዋል። ኤም-ፔሳም ድረ ገጾችን ከክፍያው ጋር በሚያገናኘው በዳራጃ በኩል የክፍያ ማረጋገጫ የሚልከው ኤችቲቲፒኤስ ወዳለው አድራሻ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ከመሸሹ በላይ የከፈለውም ገንዘብ ገጽዎ ላይ አይመዘገብም።

2. ሰርተፊኬቱን ራስዎ ይፈርሙ። ምንም አያስከፍልም፤ መረጃውንም ይመሰጥራል። ነገር ግን ብራውዘር የሚቀበለው እሱ የሚያምናቸው ሰጪዎች የፈረሙትን ብቻ ነው። ለደንበኛው «ማስጠንቀቂያውን እለፈው» ካሉት ደግሞ ነገ አጭበርባሪ የከፈተው ገጽ ላይም ያንኑ ያደርጋል። ጉዳቱ ከእርስዎ ሱቅ አልፎ ይሄዳል።

3. ሰጪውን ሳያጣሩ ዋጋውን ብቻ ይዩ። ስታርትኮም ነጻ ሰርተፊኬት በመስጠት ይታወቅ ነበር። ዎሳይን የተባለው ሰጪ ስታርትኮምን በድብቅ መግዛቱና ቀን ወደ ኋላ እየመለሰ ሰርተፊኬት መስጠቱ ሲደረስበት፣ ሞዚላና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለቱም ላይ ያላቸውን እምነት እንደሚያነሱ አስታወቁ። ስመ ጥሩው ሲማንቴክም ቢሆን አልተረፈም፤ ክሮም በ2018 የድሮ ሰርተፊኬቶቹን መቀበል አቆመ። ርካሽነትም ሆነ ዝና ዋስትና አይደለም። ዋስትናው ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሰጪውን ዛሬ ማመናቸው ነው።

4. ውዱ ይበልጣል ብለው ይክፈሉ። ውድ ሰርተፊኬት በአድራሻው አጠገብ ያሳይ የነበረውን የድርጅት ስም ክሮምና ፋየርፎክስ በ2019 ከዚያ ቦታ አንስተውታል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ሰጪ ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ የምስጠራው ጥንካሬም ከውዱ አያንስም። ለትንሽ ሱቅ ይህ ይበቃል። የተረፈውን ሽልንግ ዕቃ ይግዙበት።

5. የማደሻውን ቀን በቃልዎ ይያዙ። ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሰጥ ሰርተፊኬት ከ200 ቀን በላይ አያገለግልም፤ በ2029 ደግሞ ጣሪያው 47 ቀን ይሆናል። ሌትስ ኢንክሪፕት የማስታወሻ ኢሜይል መላክ በ2025 አቁሟል። በእጅ የሚያድስ ሰው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። ያ ቀን የበዓል ገበያ የደራበት ሊሆን ይችላል።

6. የግል ቁልፉን፣ ማለትም ከሰርተፊኬቱ ጋር የሚሠራውን ሚስጥራዊ ፋይል፣ ለሠራተኛው በዋትሳፕ ይላኩ። ቁልፉ እጁ የገባ ሰው በገጽዎ ስም መነገድ ይችላል። ቁልፉ ከሰርቨሩ መውጣት የለበትም፤ ከወጣም ሰርተፊኬቱን ወዲያው አሰርዘው በአዲስ ቁልፍ ሌላ ያውጡ።

ደንበኛዎን ማቆየት ከፈለጉ፣ ሆስቲንግ (የገጽዎን ማረፊያ) ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ሰርተፊኬቱ ከዋጋው ጋር ነው? ራሱ ይታደሳል? ዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ያለውንም የሌለውንም አድራሻ ይሸፍናል? ለሦስቱም «አዎ» ከማይል ሻጭ ጋር አይዋዋሉ። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ስልክ ቁጥሩንና ገንዘቡን አምኖ ለሚሰጥዎ ሰው ግን ይህን ያህል መጨነቅ ይገባዎታል።