የኋላ ወንበር

ስለ መኪና የማውቀው ካልተነሳ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ወገብን ይዞ፣ ራስን መነቅነቅ እንደሚገባ ነው። ይህቺን አዲስ አበባ ሳለሁ ከታክሲ ሹፌሮች አይቼ ቀስሜያታለሁ። ለንደን ከመጣሁ ወዲህ መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሐበሻ ሁሉ እየጠራኝ አጠገቡ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰው ባለሙያ ነው ብሎ ያወራል፤ እኔም ወሬ ማስተባበል አልወድም።

ታዲያ አንድ ምሽት ስልኬ ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ አየሁ። ሮቨር ፒ5ቢ፣ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከአንድ ባለቤት እጅ ያልወጣ። ወንበሩ ቆዳ፣ ዳሽቦርዱ እንጨት፣ ኒኬሉ ፊት ያሳያል። ባለቤቴ «ምን አግኝተህ ነው ብቻህን የምትስቀው?» አለችኝ። መሳቄን አላወቅኩም ነበር።

ይህ ዝም ብሎ የቤት መኪና እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች መኪና ነው። ዊልሰን፣ ሂዝና ካላሃን ሄደውበታል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1973 ማምረቱን ሲያቆም መንግሥት የመጨረሻዎቹን ገዝቶ መጋዘን አስገባና በየተራ እያወጣ ይጠቀምባቸው ጀመር፤ ማርጋሬት ታቸር በ1979 ምርጫ አሸንፈው ዳውኒንግ ስትሪት የደረሱት በዚሁ መኪና ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥም ነበራቸው። (የእኛ ንጉሠ ነገሥት በ1967 ዓ.ም. መስከረም ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት ቮልስ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት አላሰብኩም።)

እኔ ለምንም ተመርጬ አላውቅም። ለሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥነት ተወዳድሬ በአንድ ድምፅ ወድቄያለሁ፤ ድምፁ የባለቤቴ ነበር። ቢሆንም እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሮቨሩ በር ላይ ቆሞ፣ ምእመኑ ሁሉ መንገድ ሲለቅልኝ፣ እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ ስገባ ታየኝ። ቀስ ማለቱ ዋና ነው።

ለባለቤቴ ነገሩን በቁጠባ በኩል አቀረብኩት። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና በታሪካዊነት ከተመዘገበ የመንገድ ግብር የለበትም፤ እንደ እኛ አገር ቦሎ ያለ ዓመታዊ ምርመራም አይጠየቅም፤ አሮጌ መኪና ሁሉ ለለንደን አየር በቀን የሚከፍለው 12 ፓውንድ ከ50 እሱን አይነካውም።

«በሊትር ስንት ይሄዳል?»

«ስድስት።»

«ስድስት ምን?»

«ኪሎ ሜትር» ያልኩት ኩሽና ከገባሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን አሥር በመቶ ድረስ ኢታኖል ስላለበትና ኢታኖሉ የአሮጌ መኪና ጎማና ቱቦ ስለሚበላ ውድ ውዱን መቅዳት እንደሚያስፈልግ ግን ከኩሽናም አልነገርኳትም።

ሌሊቱን ሳጠና አደርኩ። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሦስት ሊትር ተኩል ነው። ትውልዱ አሜሪካ፤ ቡዊክ ሠርቶ ሲተወው ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1965 መብቱን ገዛ። ትልቁ ነገሩ ከአሉሚኒየም መሠራቱ ነው፤ ለዚህም ነው ለመጠኑ ቀላል የሆነው። ይህችን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳት። ዝገት የበላውን ላሜራ በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተው የሚሸጡ መኖራቸውንም አነበብኩ። መላው ማግኔት ነው፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ከፍሪጃችን በር ላይ አንዱን ነቀልኩ፤ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ምስል ያለበትን።

ባለቤትየው ኬንት ውስጥ የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። እኔም ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ ሄጄ ነበር፤ መኪና ሊገዛ ሳይሆን ሊሾም የመጣ ነው የምመስለው። መጀመሪያ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ። ምን ለማወቅ እንደሚመታ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው እንዲህ ተጠብቆ የቆየው ክረምት ላይ ስለማያወጡት ነው አሉ፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይህን ዓይነት መኪና ከሥር ከሥሩ ጨርሶታል። «እህ» አልኩ። ማግኔቴን አውጥቼ በሩ ላይ ሳደርገው ቀጥ፤ ፓራፋንጎው ላይ ቀጥ። ጊዮርጊስ የትም ቢቀመጥ አይነቃነቅም። ልቤ ሞላ። ኮፈኑን ይክፈቱልኝ አልኩ።

ከካርቡራተሮቹ ሥር ሞተሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ተንሸራተተ። ደግሜ ለጠፍኩት፤ ተንሸራተተ። ወገቤን ያዝኩ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«እዚህ ጋ በስቱኮ ተደፍኗል» አልኳቸው፣ ሐዘን በተቀላቀለበት ድምፅ።

ሽማግሌው ሞተሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ቤተ ጊዮርጊስን አዩ።

«አሉሚኒየም ነው» አሉ በትሕትና።

እጄ ደነገጠ መሰለኝ፣ ማግኔቱ አምልጦኝ ሞተሩ ጉያ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ መሳቢያ ሳቡ። ፋብሪካው የሠራው ነው፤ ቁልፉም ፒንሳውም በልኩ በተቆረጠለት ቦታ ተኝቷል። ካቻቢቴውን አንስተው ሰደዱትና ላሊበላን ጫፉ ላይ አጣብቀው አወጡልኝ። «እንዳይጠፋ» ብለው እዚያው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ይህን ያሉት ለማግኔቱ አዝነው ይሁን ለሞተሩ አልጠየቅኩም።

ከዚያ «እስኪ ንዳው» አሉና ቁልፉን ዘረጉልኝ። የሰው ልጅ እዚህ ላይ ቁልፉን ይቀበላል። እኔ ግን ከኋላ መቀመጥ እችል እንደሆነ ጠየቅኩ።

የሮቨሩ የኋላ ወንበር ለሁለት ሰው የተቀረጸ ነው፤ መሐሉ ላይ የክንድ ማሳረፊያ ይወርዳል። አወረድኩት። የቆዳውና የእንጨቱ ሽታ፣ ያ ሞተር ከፊት እንደ ሹክሹክታ ሲሰማ፣ ኬንት በመስኮት በኩል ስታልፍ፤ ውሻ የምታናፍስ ሴትዮ አየችንና እጄን ከፍ አደረግኩላት። መልስ ሰጠችኝ። በዚህች ደቂቃ የአገሪቱን በጀት ቢያመጡልኝ እፈርም ነበር። ራሴን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ለእናቴ ላክሁላት፤ ወዲያው ደወለች።

«ከፊት የሚነዱት ማናቸው?»

«ባለቤቱ ናቸው።»

«ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም።»

«የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እየነዱህ አንተ ከኋላ ተንፈላስሰህ! እንዲህ ነው ያሳደግሁህ? ውረድ! አሁኑኑ ውረድ!»

ሽማግሌው በስፖኪዮ አይተውኝ «ሁሉ ሰላም?» አሉ።

«እናቴ መኪናውን ወዳዋለች» አልኳቸው።

ስንመለስ ሻይ አፍልተው እየቀዱ ከዋጋው ይበልጥ የሚያሳስባቸው ማደሪያው መሆኑን ነገሩኝ። ጋራዥ አለህ? አለኝ አልኩ። እርጥበት የለውም? የለውም አልኩ፣ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸሁም፤ የሌለ ጋራዥ እርጥበት የለውም። አስቤ እደውላለሁ ብዬ ተሰናበትኩ። የማስበው ነገር ገንዘቡን ከየት እንደማመጣ ነበር።

ቀድመው እሳቸው ደወሉ። መኪናው ተሸጧል፤ የገዛችው አንዲት ወጣት ቱታ ለብሳ መጥታ፣ ከሥሩ ተኝታ፣ እሳቸው ራሳቸው የማያውቁትን ዝገት አሳይታቸዋለች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

«ማግኔትህን መሳቢያው ውስጥ ረስተሃል። በፖስታ ልላክልህ፤ አድራሻህን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። የመንገዱን ስም፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሲጽፉ ይሰማኛል፤ ከዚያ መጻፉ ቆመ።

«ጋራዡም እዚያው ነው?»

«ሊፍት አለው» አልኳቸው።