አዎንታቸውን የቀበሩ ቃላት፦ ማስረጃ ከጂዛን

እንግሊዝኛ ጨካኙን «ሩትለስ» ይለዋል። «ሩት» ርኅራኄ ነበር፤ ርኅራኄው ሞቶ አልባነቱ ቀርቷል። በዚህ ረገድ አማርኛ ከማንም አያንስም። «ደንታ ቢስ» በየቢሮው ሞልቷል፤ ደንታ ያለው ሹም ተሾመ ሲባል ግን አልተሰማም። «አይበገሬ» ጀግና በየዘመኑ አለ፤ «ተበጋሪ ነኝ» ብሎ የቀረበ የለም። «አይደለም» ላይ ያለውን አሉታ ነቅሎ በቀረው «ደለ» የሚጠቀም አማርኛ ተናጋሪም አልተገኘም። «ፋይዳ ቢስ» ግን አዲስ ትርጉም እያገኘ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያጸናው ዲጂታል መታወቂያ «ፋይዳ» ስለተባለ፣ የጥንቱ ስድብ ዛሬ ያልተመዘገበ ሰው ማለት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ለዚህ ጥናት ግን ከሳዑዲዋ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከጂዛን፣ የተሻለ መስክ የለም። ከየመኗ ሰዓዳ ተራሮች ወርዶ ወደ አድ ዳይር ወይም ወደ ሳምጣ የዘለቀ ኢትዮጵያዊ በአካባቢው «መጅሁል» ይባላል፤ ያልታወቀ ማለት ነው። ያሻገረው ደላላ ያውቀዋል፤ ፍየል የሚያስጠብቀው ባላገር ያውቀዋል፤ ደመወዙን የያዘበትማ ከነአባቱ ስም ያውቀዋል። የማያውቀው የጀዋዛት፣ የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ኮምፒውተር ብቻ ነው። «መዕሉም»፣ የታወቀው፣ በዐረብኛ በሕይወት ያለ ቃል ቢሆንም እዚያ ተራራ ላይ ለማንም አልተሰጠም።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለውም ቢሆን አይመካ። «ከፊሉ»፣ ማለትም ዋስ አሠሪው፣ «ጠፋብኝ» ብሎ ካመለከተበት «ሁሩብ»፣ ኮብላይ፣ ይሆናል። ሠራተኛው በተራው ከፊሉን «ሁሩብ» የሚያስብልበት መስኮት ግን የለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሙኻሊፍ የሌለባት ሀገር» የተባለ ዘመቻ ከ90 ቀን ምሕረት ጋር ታወጀ። ሙኻሊፍ ደንብ ጣሽ ነው፤ ሰዋስወኛው አሉታ በአሉታ ላይ መደረቡን ልብ ይበል። ደንብ አክባሪዎች በመፈክሩ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

የመጨረሻው ማስረጃ ከወረቀት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደገደሉ ጻፈ። ከሳዑዲ መንግሥት በኩል የተሰጠው መልስ ክሱ «መሠረተ ቢስ» ነው የሚል ነበር። የዚህኛው ቃል አዎንታ፣ «መሠረት ያለው»፣ አልሞተም።