በ26 ጁን ሰፈር ቁራና የእንግዳ አመጣጥ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ጥናቱ የሚመለከተው የሐርጌሳን፣ በተለይም የ26 ጁን ሰፈርን ቁራ ነው። ሰፈሩ የተሰየመው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነፃ በወጣችበት ዕለት፣ በጁን 26 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ ስም ነው። ነፃይቱ አገር ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር የተዋሐደችው በአምስተኛው ቀን ስለሆነ፣ በነፃነቱ ዕለት እንቁላል የጣለች ቁራ ጫጩቷን ያየችው በሌላ መንግሥት ነው፤ መታቀፍ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃልና።

ሶማሌዎች ቱኬ የሚሉት ይህ ቁራ ከአዲስ አበባዎቹ ይለያል። ከእኛዎቹ አንዱ ደረቱ፣ ሌላው ማጅራቱ ነጭ ነው፤ ይሄኛው ከራስ እስከ ጅራቱ ጥቁር። በ1895 እ.ኤ.አ. ሳይንስ ሲመዘግበው በኤዲት ኮል፣ በአንዲት እንግሊዛዊት ስም ጠራው፤ ወይዘሪቷ ደስ ይበላት ይክፋት ጥናቱ ዝም ይላል። ቁራው ዛፍ ሲያጣ የስልክ ምሰሶ ላይ ጭራሮ ከምሮ ጎጆ ይሠራል። ኪራይ አይከፍልም። ለተከራይ ጎረቤቶቹ ጥላቻ ይህ ብቻ ይበቃል።

የቁራ ዘር የሥራ ልምድም ተመርምሯል። ኖኅ ቢልከው ሄዶ ቀረ፤ ዛሬም የላክነው ሰው ሲዘገይ የቁራ መልእክተኛ እንላለን። ለኤልያስ ግን ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ አመላልሷል። በቁርኣን ደግሞ ወንድሙን የገደለው የአዳም ልጅ ሬሳ መቅበርን የተማረው ከእሱ ነው። በአንድ ጥፋት ብቻ የሚታወስ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሌላ አልተገኘም።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ቁራ ደጅ ላይ ሲጮኽ አንዱ እንግዳ ነው ይላል፣ ሌላው መርዶ። ቄሱም ሼኹም በወፍ ጩኸት ገድ ማየትን ይከለክላሉ፤ ምእመኑ አሜን ብሎ ሲወጣ ሽቅብ ያያል። ምን ያድርግ? ቁራው ተሳስቶ አያውቅም። እንግዳ ከመጣ «ጠዋት ጮኾ ነበር እኮ» ይባላል፤ ማንም ካልመጣ ጩኸቱን የሚያስታውስ የለም። ይልቁንም ኢትዮጵያውያን በጋራ በተከራዩት ቤት፣ ድንበሩን በቶጎ ውጫሌ ተሻግሮ ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ የጓደኛው ያገር ልጅ ፍራሽ ፍለጋ በሚመጣበት ቤት፣ ቁራ ልሳሳት ቢልም አይሆንለትም።

አንባቢ ይተባበረን። ቁራ ሲጮኽ ትርጉሙን እዚያው ጻፉና አስቀምጡ። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ከተቀመጠ በኋላ የተጻፈ ትንቢት አንቀበልም።