ሹራብና ትጉ እጅ፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የተደረገ ምርመራ

በሆሳዕና የሹራብ ዕድሜ አጭር ነው ሲባል ጥፋቱ በሦስት ተጠርጣሪዎች ላይ ይወድቃል፦ በሰልባጅ ነጋዴው፣ በፋብሪካውና በብል። ይህ ጥናት ሦስቱንም በነጻ ያሰናብታል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ሹራብን የሚያጠፋው ትጋት ነው። ሰነፍ ቤት የገባ ሹራብ ለወግ ለማዕረግ ይበቃል፤ ባለሙያ ቤት የገባው ግን ጥቂት ቅዳሜዎችን አይቶ የወለል መወልወያ ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ተራ እንዳይመስል አገሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የከምባታው አምበሪቾ ተራራ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከቆላ ወደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ሹራብ የሚፈልገው ወዶ አይደለም። በሐምሌ ማለዳ ትከሻን የሚሸፍን ነገር በቅዳሜ ከሰዓት ሳፋ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት አለመጠየቅ ደግሞ ለምሁራን የሚያስመሰግን አይደለም።

ማስረጃው ከጋቢ ይጀምራል፤ የአገሩ የእጥበት ሕግ የተደነገገው ለጋቢና ለነጠላ ነውና። ጋቢ ድርና ማግ አለው። ድሩ ቁመቱን፣ ማጉ ወርዱን ይዘው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ቢረገጥ፣ ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ይዞ ቢጠመዝዘው፣ ሲደርቅ ጋቢነቱን አይክድም። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ራሱን በራሱ እየቆለፈ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ የሚሄድ ሥራ ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 ይህን የእጅ ሥራ ለማሽን ሲያስተምር እንኳ የቀለበቱን ጠባይ ሊለውጠው አልቻለም። አንዱ ቀለበት ሲሳብ ከጎረቤቱ ክር ይበደራል፤ ጎረቤቱም ከሌላው። ሹራብ ከሰውነት ጋር እየተለጠጠ የሚያሞቀው በዚህ ብድር ምክንያት ነው። እንደ ጋቢ ሲጠመዘዝ የሚጎዳውም በዚሁ ብድር ነው፤ ውኃው ሲወጣ ቅርጹም አብሮ ይወጣል፣ ተበዳሪውም አይመልስም።

እዚህ ላይ የትጋትን ማኅበራዊ መሠረት ችላ ማለት አይቻልም። በግቢ ውስጥ የሚደረግ እጥበት የግል ጉዳይ አይደለም፤ ሙያ በጎረቤት ጆሮ ይመዘናል። ሁለት የእጅ አንጓዎች ጨርቁን እርስ በርሱ ሲያፋትጉት የሚወጣው ድምፅ አጥር ካልተሻገረ፣ አረፋው ከሳፋው አፍ ካልፈሰሰ፣ የመለቅለቂያው ውኃ እንደ ምንጭ ካልጠራ፣ አጣቢዋ ለራሷም ያጠበች አይመስላትም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቧንቧው በተከፈተ ዕለት መጋረጃው፣ ጂንሱ፣ አንሶላውና የሕፃኑ ሹራብ በአንድ ሳፋ ተገናኝተው እኩል ፍርድ ይቀበላሉ። አባወራው በዚህ ሂደት ያለው ድርሻ ሹራቡን መልበስና ውጤቱን መተቸት ስለሆነ በተጠያቂነት አልተመዘገበም፤ ሊመዘገብ ይገባ እንደነበር ግን የጥናቱ አቅራቢ አይክድም።

አሁን ወደ በጉ እንምጣ። የዶዮገና በግ ስመ ጥር ነው፤ ስሙ የተነሣው ግን በሥጋው እንጂ በጠጉሩ አይደለም። ለሹራብ የሚሆነው ለስላሳ ሱፍ እንደ ሜሪኖ ካሉ የሩቅ አገር በጎች የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳም የራሱ ወግ አለው። ሱፍ ጠጉር ነው፤ እንደ ሰው ጠጉርና ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ። በላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች ተደራርበዋል። ሙቅ ውኃ፣ ጠንካራ ሳሙናና ፍትጊያ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይነሡና እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከተያያዙ በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም። ይህ ክስተት በዓለም ላይ የታወቀና የተከበረ የማምረቻ ዘዴ ነው፤ የሱፍ ባርኔጣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ በሆሳዕና ግቢዎች በየቅዳሜው የሚካሄደውን ተግባር እጥበት ብሎ መጥራት ከሳይንስ አንጻር ያስቸግራል። ገዢ ያላገኘ የባርኔጣ ኢንዱስትሪ ቢባል ይቀርባል።

ሳሙናውም የራሱ ታሪክ አለው። አባቶችና እናቶች ነጭ ልብስ ያነጹበት የነበረው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያ መከላከያ ጥናታቸውም ከዚያ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። ሳይንስ በቀንድ አውጣው ሞት ተጠምዶ ሳለ ሳይታይ ያለፈው ነገር አለ፦ ልብሱ አልሞተም ነበር። ዛሬ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የተሰለፈው የዱቄት ሳሙና የተቀመመው ለጥጥና ለጭቃ ነው፤ አልካሊነቱ ለሱፍ ይከብዳል። ጠጉር ለሆነ ነገር የሚስማማው የጠጉር መታጠቢያ፣ ማለትም ሻምፖ ነው። የራሷን ጠጉር በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋ፣ አፋትጋና ጠምዝዛ በገመድ ላይ የምትሰቅል ሴት በዚህ አካባቢ አልታየችም።

ከሳፋው በኋላ ያለው ፍርድ የሚፈጸመው በገመድ ላይ ነው፤ የእንሰት ነገርም እዚህ ይገባል። ከእንሰት የሚገኘው ቃጫ ጠንካራ ገመድ ይወጣዋል፤ ለጎጆ ማሠሪያም ለከብት ማሠሪያም ይሆናል። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ደረቅ ይመስላል፤ ከሳፋ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ይሸከማል፤ ርሶ እያለም ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ በትከሻው በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ እስከ ማታ እጅጌው ጉልበት ይደርሳል፤ ትከሻው ላይም መቆንጠጫው የነከሰበት ቦታ ሁለት ቀንድ ያበቅላል። የሚደንቀው ግን መድኃኒቱም ከዚሁ ተክል መገኘቱ ነው። ሹራብ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨቁኖ፣ ጅባ በሚባለው ምንጣፍ ላይ በጥላ ሥር ቢዘረጋ ቅርጹን ይዞ ይደርቃል፤ ጅባም የእንሰት ልጅ ነው። ጅባ በሌለበት ሰፊ የኮባ ቅጠል ያገለግላል። አንዱ እንሰት ሹራብን የሚሰቅልበትንም የሚያስተኛበትንም አዘጋጅቶ ሳለ፣ ትጋት ሁልጊዜ ገመዱን መምረጡ መከራከሪያችንን ያጠናክራል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስትጠፋ እሳት ዳር ማንጠልጠል ደግሞ ሹራቡን ለሌላ ዓይነት ጥፋት ያደርሰዋል፤ ጢሱ ግን በነጻ ነው።

ተቃዋሚ እንዲህ ሊል ይችላል፦ በገበያ ያለው ሹራብ አብዛኛው ሱፍ ሳይሆን አክሪሊክ ነው፤ ቅርፊትም የለው፣ አይኮማተርም። እውነት ነው፤ ብልን በነጻ ያሰናበትነውም ስለዚህ ነው፤ የብል እጭ ኬራቲን እንጂ ከነዳጅ የተሠራ ክር አይበላም። አክሪሊክ ግን የራሱ ድክመት አለው። ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና የተጎተተበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ሱፍ በፈላ ውኃ ሲያንስ አክሪሊክ በዚያው ውኃ ይንዘላዘላል። ፍትጊያ ደግሞ ደረቱንና ብብቱን በትንንሽ የክር እንክብሎች ይሞላዋል። ቁሱ ተለወጠ እንጂ ወንጀለኛው አልተለወጠም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመኮማተርን በጎ ጎን ያነሣል። ይህ ጠንካራ ስለሆነ በአክብሮት እንየው። ከሀድያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ የታወቀ ነው። የጆሃንስበርግ ብርድ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወድቅ ከዚያ የሚላክ ሹራብ የሆሳዕናን ክረምት በሚገባ ያውቃል፤ ወንድም ለወንድም ሹራብ ሲገዛ እሱም እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህ ሹራብ ለአባት ይደርሳል፤ ከታጠበ በኋላ ለታላቁ ልጅ፣ ዳግም ከታጠበ ለታናሹ ይሆናል፤ ስለዚህ መኮማተር ጉዳት ሳይሆን የውርስ ሥርዓት ነው ይላሉ ተከራካሪዎቹ። ክርክሩ ያማረ ነው፤ የሚሰናከለው በአንገት ላይ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ራስ ይተልቃል። የተኮማተረው የአባት ሹራብ ለልጁ ደረት ልክ ሲሆን አንገቱ ለልጁ ራስ አይከፈትም። ወራሹ ግንባሩ ላይ ተይዞ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲጮህ ውርሱ ይቋረጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሽታ ነው፦ ሰነፍ ቤት ይሸታል። በከፊል እንቀበለዋለን። በሀድያው የያሆዴ በዓል ሰሞን አታካና የተባለውን ምግብ የቀመሰ፣ በከምባታው የመሳላ በዓል ቅቤ የነካው ሹራብ ሳይታጠብ ሳጥን አይገባም፤ ብልም ሱፍ ሲያገኝ ላብና ስብ ያለበትን ያስቀድማል፤ የማቴዎስን ወንጌል በየሳምንቱ ለሚሰማ ምእመን ብል ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ሱፍ ነፋስ ካገኘ ሽታውን በራሱ ይለቃል። በአጥር ላይ ሳይሆን በወንበር ላይ ለአንድ ሌሊት ቢተኛ፣ ከስድስት ጊዜ እጥበት አምስቱ ሳያስፈልጉ ይቀራሉ።

መመሪያው ተጽፎ እንዳለም መጨመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ጂኔቴክስ የተባለ ማኅበር የእጥበት ምልክቶችን አንድ ወጥ አድርጓል፦ እጅ የገባበት ሳፋ በእጅ እጠብ፣ አግድም መስመር ያለበት አራት ማዕዘን ዘርግተህ አድርቅ፣ የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን በረኪና አታስነካ ማለት ነው። ይህች መለያ ጨርቅ አንገት ታሳክካለች በሚል በመጀመሪያው ቀን በመቀስ ትቆረጣለች። በኮት እጅጌ ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ስም ግን ሰርግ ቆማ ታልፋለች።

ስለዚህ የጥናቱ ምክረ ሐሳብ አንድ ነው። ከያሆዴና ከመሳላ በፊት ባለው ሳምንት ጋቢውና አንሶላው ለባለሙያዋ ይሰጥ፤ ሹራቡ ግን ለቤቱ ሰነፍ ይተላለፍ። ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሻምፖ፣ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መተው፣ ከዚያ ማለቅለቅና ጅባ ላይ ማስተኛት፤ ሰነፍን የሚያስቸግር ሥራ የለበትም። አደራ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰነፉን እንቅልፍ እንዳይወስደው አጠገቡ ሰው ይቀመጥ፤ ሳፋ ውስጥ ያደረ ሹራብ ቀለሙን ይለቃል።