አይነኬው ሰርቨር

ሴንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2024፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፈ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሞቱ ድንገተኛ ነው ብሎ ማማረር አይቻልም፤ በ2014 ሲወለድ ጀምሮ ዕድሜው አሥር ዓመት መሆኑ ተነግሮለታል። አሥር ዓመት ግን ለመዘጋጀት አይበቃም። ስለዚህ መርዶው ያልተነገረባቸው የሰርቨር ክፍሎች ዛሬም ሞልተዋል። ማራገቢያው እየጮኸ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ድረ ገጹም እየተከፈተ ማን ሞተ ይባላል? በእነዚህ ክፍሎች ዙሪያ አንድ የተከበረ ክርክር አለ። ግማሹ ባለሙያ «ባለበት አፕግሬድ እናድርገው» ይላል፤ ግማሹ «የለም፣ ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫነው» ይላል። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው፣ ሁለቱም የሌላውን ሐሳብ አደጋ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ፣ ስብሰባውም «ተጨማሪ ጥናት ይደረግ» ተብሎ ይበተናል። ይህን ክርክር የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ፤ ክርክሩ እስከቀጠለ ድረስ ማንም ሰው ከሁለቱ አንዱንም እንዲያደርግ አይገደድምና።

የጥበቡን ጥልቀት ለማየት ድጋፉ ባበቃ ሰሞን የሆነውን መመልከት ይበቃል። ያም የሚባለው የሴንት ኦኤስ ፓኬጅ ጫኝ ማሻሻያውን ከየት እንደሚያወርድ የሚጠይቅበት አንድ አድራሻ ነበረው። አድራሻው ከኢንተርኔት ጠፋ፣ ያምም «ላገኘው አልቻልኩም» እያለ ይመልስ ጀመር። ማሽኑ በሕይወት ዘመኑ ከተናገረው ሁሉ ሐቀኛው ቃል ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሐቅ ግን ለሪፖርት አይመችም። ወዲያው አንዲት የሴድ ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተች፤ ሥራዋ በማዋቀሪያ ፋይሎቹ ውስጥ ያለውን አድራሻ ወደ ቮልት፣ ማለትም ጊዜ ያለፈባቸው ቅጂዎች ወደሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ማዞር ነው። ትእዛዟ ተለጠፈች፣ ኢንተር ተመታ፣ ያም ማሻሻያ እንዳለ እንደገና ተጠየቀ። መልሱ፦ የሚሻሻል ፓኬጅ የለም። እፎይ! በወሩ ሪፖርት ላይም «ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ አፕዴት ነው» ተብሎ ሰፈረ። ውሸት አይደለም። መዝገብ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ስለማይገባ ይህ ሰርቨር ከእንግዲህ እስከ ዘለዓለም አፕዴት ሆኖ ይኖራል። ጥገና በየጊዜው የሚወጣለት ሰርቨር ነው የሚያሳዝነው፤ በየሳምንቱ የጎደለው ነገር ይገኝበታል።

«ሰርቨሩ አይነካ» የሚሉት የአይነኬ ሊቃውንት ማስረጃ የላቸውም ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። አላቸው፣ ያውም ጥሩ ጥሩ። ሴንት ኦኤስ 7 ባረፈ ማግስት፣ ጁላይ 1 ቀን 2024፣ ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚያስገባው ኦፕን ኤስኤስኤች ላይ ሬግሬሽን የተባለ አደገኛ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ቀዳዳው ያለው ከ8.5 እስከ 9.7 ባሉት ቅጂዎች ላይ ነው፤ የሟቹ 7.4 ስለነበር አልነካውም። በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ዓለምን ሲያሸብር የተጠቃው ኦፕን ኤስኤስኤል 1.0.1 እንጂ አሮጌው 0.9.8 አልነበረም። በማርች 2024 በኤክስዜድ መጭመቂያ ውስጥ ተሸሽጎ የተገኘው የጓሮ በርም የገባው ገና በወጡት በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ ብቻ ነው። አራተኛውን ምስክር ደግሞ ራሱ የሴንት ኦኤስ ባለቤት ሬድ ሃት ነው የሰጣቸው። በ2019 የወጣው ሴንት ኦኤስ 8 እስከ 2029 ይኖራል ሲባል ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2020 ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተወሰነ። ወደ 8 የቸኮለው ተቃጠለ፤ 7 ላይ የተኛው እስከ 2024 ዘና ብሎ ኖረ። ከዚህ በኋላ ስንፍናን በስሙ የሚጠራ ማን ነው?

ችግሩ ምስክሮቹ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ነው። ከኸርትብሊድ ያመለጠው ሴንት ኦኤስ 5 ያን ጊዜ አሮጌ እንጂ የተጣለ አልነበረም፤ እስከ 2017 ጠባቂ ነበረው። ከኤክስዜድ ያመለጠው ዴቢያን 12ም የቆየ ቅጂ ቢይዝም በየቀኑ የሚከታተለው የደኅንነት ቡድን ነበረው። ሬድ ሃት የፕሮግራሞቹን የቅጂ ቁጥር ሳይለውጥ ጥገናውን ብቻ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይመልሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ ብቻ «7.4? አለቀላችሁ» የሚል ኦዲተርም ከአይነኬዎቹ የተሻለ አላወቀም። ማርጀት ሌላ፣ ባለቤት ማጣት ሌላ። ባለቤት ያጣ ምን እንደሚገጥመው ለማየት አንድ ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የሴንት ኦኤስ 6 ድጋፍ ኖቬምበር 30 ቀን 2020 አበቃ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 2021፣ ተራውን ተጠቃሚ ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ፍጹም ጌታ፣ የሚያደርግ ቀዳዳ ሱዶ ላይ ተገኘ፤ ከ2011 ጀምሮ እዚያው የኖረ ቀዳዳ። በዓመቱ ተመሳሳዩ ፒኬኤግዜክ ላይ ተገኘ፣ ይኼኛው ከ2009 ጀምሮ የነበረ። ሼልሾክ የተባለውም ቀዳዳ በ2014 ሲጋለጥ ባሽ ውስጥ ሩብ ምዕተ ዓመት ተቀምጦ ነበር። እነዚህ ቀዳዳዎች አሮጌውን ከአዲሱ አልለዩም። ልዩነቱን ያመጣው በማግስቱ ጥገና የወረደለትና ያልወረደለት መሆኑ ነው። ሴንት ኦኤስ 8 ላይ ተቃጠሉ የተባሉትስ? በ2021 አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ብቅ ሲሉ እዚያው ማሽን ላይ በአንድ ስክሪፕት ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዘና ያሉት ናቸው አሁንም ስብሰባ ላይ ያሉት።

«ፋየርዎል አለን» የሚለው መልስም ያጽናናል። ነገር ግን ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ሰርቨር 443ኛው ፖርቱ ክፍት ነው፤ የተቀመጠው ለዚሁ ነውና። ከበሩ ኋላ የሚጠብቀው ፒኤችፒ 5.4 ነው፦ ሠሪዎቹ በ2015 የተዉት፣ ሬድ ሃት እስከ 2024 ሲጠግነው የኖረ፣ አሁን ጠያቂ የሌለው። እንግዳው በዚያ ይገባና ድረ ገጹ ያለውን ያህል ትንሽ መብት ይይዛል፤ ከዚያ እንደ ሱዶው ያለ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ሩት ሆኖ ይወጣል። ፋየርዎሉ ይህን ሁሉ በሕጋዊ በር ያለፈ ትራፊክ ብሎ በመዝገቡ ላይ አስፍሮታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ሰርቨሩ ሳይጠፋ የቆየበትን ቀን እየቆጠረ የሚኮራ አድሚንም አለ፤ ዘጠኝ መቶ ቀን ሳይነሣ የኖረ ማሽን በአብዛኛው የዘጠኝ መቶ ቀን ከርነል ይዞ የኖረ ማሽን መሆኑን ግን አብሮ አያወራም። ይባስ ብሎ በሴንት ኦኤስ 6 ዘመን ከርነል ውስጥ የነበረ አንድ ስሕተት 208 ቀን ተኩል ገደማ ሳይጠፉ የቆዩ አንዳንድ ማሽኖችን ይጥል ነበር፤ ኩራትን በቀን ቆጥሮ የሚቀጣ ስሕተት! እኛ አገር ደግሞ ማሽኑ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው መብራት ነው። ያን ቀን ሰርቨሩ ካልተነሣ በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ወረፋ የቆመው ሕዝብም ቃሉን ስለለመደው ዝርዝር አይጠይቅም።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። የአፕግሬድ ወገን መሣሪያ አለው፦ ሬድ ሃት የሠራው ሊፕ፣ አልማዎች ደግሞ ለሴንት ኦኤስ 7 እንዲሆን ኤሌቬት ብለው ያሰፉት። ሊፕ ጨዋ ፕሮግራም ነው። ምንም ሳይነካ በፊት ማሽኑን መርምሮ ረዥም ሪፖርት ይጽፋል፣ «ይህ ሳይስተካከል አልንቀሳቀስም» የሚላቸውንም ለይቶ ያሳያል፦ አዲሱ ከርነል የማያውቀው የአሮጌ ዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር፣ ሩት በኤስኤስኤች ይግባ አይግባ በግልጽ ያልተጻፈበት ፋይል፣ በአዲሱ ውስጥ ቦታ የሌለው አንድ የፓም ሞጁል። ሞጁሉ እንዲወገድ «እስማማለሁ» ማለት ያስፈልጋል። የስምምነቱን መስመር ገልብጠው ከለጠፉት መካከል ሞጁሉ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም፤ ቢሆንም ተስማምተዋል። ማሽኑ ተነሥቶ «ስምንት ነኝ» ሲል ይጨበጨባል። የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር አውጥቶ ስማቸው ላይ ኢኤል7 ያለባቸውን የሚያጣራ ግን ከሌላ ማከማቻ የመጡትን እነ ፒኤችፒን እንደነበሩ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። በኡቡንቱም መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው፤ 16.04 ላይ የቆየ ሰው 24.04 ለመድረስ በ18.04፣ በ20.04 እና በ22.04 ማለፍ አለበት፣ መዝለል የለም። በየደረጃውም ፓኬጅ ጫኙ የተለወጠ የማዋቀሪያ ፋይል ሲያገኝ «ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ኢንተር የመታ ሰው ምርጫው «የኔን አቆይ» ነው፤ ኢንተር የማይመታ ደግሞ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አራት ጊዜ የተሻገረ ሰርቨር የ2016ቱን ማዋቀሪያ እንደታቀፈ 24.04 ይደርሳል።

የፎርማት ወገን በዚህ ይስቃል። አገራችን ውስጥ ለላፕቶፕም ለስልክም ለሁሉም ደዌ ፈውሱ ፎርማት ስለሆነ ሕዝባዊ ድጋፉም ሰፊ ነው። አዲስ ሊኑክስ በሃያ ደቂቃ ይጫናል፤ እውነት ነው። ከሃያኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ነው የማይነግሩን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሣው ክሮን ምን ነበር? ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀው ልጅ በሩት ማኅደር ውስጥ ያስቀመጠው፣ «አዲስ_የመጨረሻ_2» የተባለው ስክሪፕት ማን ይጠራዋል? በሆስትስ ፋይል ውስጥ በእጅ የተጻፈው የአጋር ድርጅት አይፒ የት ተገለበጠ? ሴንት ኦኤስ 6 ተጠቃሚዎችን ከ500 ጀምሮ ሲቆጥር 7 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ከ1000 ይጀምራሉ፤ ፋይሎቹን ብቻ ገልብጦ ያመጣ ሰው በማግስቱ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ፋይሎች ይረከባል። ይህን የሚፈራው ፎርማተኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? የኢቲሲ ማኅደሩን እንዳለ ጠቅልሎ በአዲሱ ላይ ይዘረግፈዋል። የጠላውን አፕግሬድ በእጁ ሠራው ማለት ነው፣ ያውም ሊፕ የሚጽፈው ሪፖርት ሳይኖረው። ባክአፕስ? ባክአፕማ አለ፤ መልሶ ጭኖ የሞከረው ሰው ነው የሌለው። ላም አለኝ በሰማይ።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች የሚያጣላቸው ሊኑክስ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። አፕግሬድ የሚወደደው ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሳያውቁ ይዞ ለመሻገር ተስፋ ስለሚሰጥ ነው፤ ፎርማት የሚፈራውም፣ የሚወደደውም፣ ያንኑ አለማወቅ ወይ ስለሚያጋልጥ ወይ አብሮ ስለሚጠርገው ነው። ይህ ሰርቨር ምን ይሠራል፣ የትኞቹን ፖርቶች ይከፍታል፣ መረጃው የት ይቀመጣል፣ ማንን ይጠራል፣ ማን ይጠራዋል የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ያለው ቤት ውስጥ ክርክሩ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆነ የመሸጋገሪያ ሰነዱን አንብቦ ባለበት ማሻሻል፤ ሴንት ኦኤስ 7 ከሆነ አሮጌውን ሳይነኩ ከጎኑ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን አቁሞ አገልግሎቱን አንድ በአንድ ማዛወር። አሮጌው እየሠራ አዲሱ ይሞከራል፣ ያልተነሣው አገልግሎት ያልተጻፈውን ያሳያል፣ ወረቀቱም ይሞላል። «ወይ ይሄ ወይ ያ» የሚለው ጭንቀት አንድ ብረት ሳጥን ብቻ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ይህን ምክር በስብሰባ ላይ ማንሣት ግን ነውር ነው፤ አጀንዳውን ያሳጥረዋል፣ ሻዩንም ያስቀራል።

የቀሩት ተቃውሞዎች አጫጭር ናቸው። «ሶፍትዌሩ ከ7 ውጭ አይሠራም» የሚል ላቦራቶሪ ወይም ፋብሪካ እውነተኛ ችግር አለበት፤ ማሽኑን ከኔትዎርክ ነጥሎ ይያዘው፣ እኔም ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። «ኮንቴይነር ውስጥ እናስገባዋለን» ማለት ያው ባለቤት ያጣ ፒኤችፒ በአዲስ ሣጥን ውስጥ ማለት ነው፤ ቀዳዳውም አብሮ ይገባል። የተራዘመ ድጋፍ በገንዘብ መግዛትም ይቻላል፣ የተገዛውም ጊዜ ከተሠራበት ሐቀኛ መንገድ ነው። «የውጭ ምንዛሪ የለም» የሚለው በእኛ አገር ሐቅ ነው፤ ግን አልማም፣ ሮኪም፣ ዴቢያንም ዋጋቸው ዜሮ ነው፣ ዜሮ ብርም ዜሮ ዶላርም። ወረቀቱን መጻፍም ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የለቀቀውን ልጅ ስልክ ማግኘት ነው።

ዕድል ቀንቶት የወሰነ ኮሚቴም አለ። በሊፕ ከሴንት ኦኤስ 7 ወደ ሮኪ 8 ተሻግሮ፣ የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ወደ 9 የሚወስደው ሁለተኛ ደረጃ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት» ተላልፏል። የሮኪ 8 ድጋፍ የሚያበቃው በሜይ 2029 ነው። ኮሚቴው አልተበተነም፤ አፕግሬድ ይሻላል ወይስ ፎርማት የሚለውን እንዲያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሟል።